ለውትድርና ከመመዝገባችሁ በፊት፦ መመሪያ ለአራዳና ለፒያሳ ወጣቶች

የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ የብዙ ቤት ወሬ ይቀየራል። ፈተናውን ያለፉት በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ነበሩ። የቀረው ከዘጠና በመቶ በላይ ወጣት ሪሚዲያል፣ ኮሌጅ፣ ሥራ ወይም ስደት ያስባል። በዚህ መሐል የመከላከያ ሠራዊት የምልመላ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ከሰባ ደረጃ እስከ አፍንጮ በር፣ ከሠራተኛ ሰፈር እስከ አራት ኪሎ «ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል። መልሱን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ጓደኛ ነው፤ ካልሆነም የቤት ጭቅጭቅ።

ይህ መመሪያ ውትድርናን እንደማንኛውም ሥራ ለመመዘን ለምትፈልጉ ነው። የእኔን አስተያየት ከወዲሁ ልናገር። ሥራው ራሱ ለሚስበውና የሚያስከፍለውን ለሚያውቅ ሰው ውትድርና ሙያ ነው። ሥራ ስላጣ ብቻ ለሚገባ ሰው ግን ብዙም አያዋጣም፤ ምክንያቱም ከሌላ ሥራ በተለየ አልተመቸኝም ብሎ በአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አይለቀቅም። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሂዱባቸው። አንዱ ላይ «አይ፣ ይህስ አይሆንልኝም» ካላችሁ ቀሪውን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ደረጃ 1፦ ምክንያታችሁን ጻፉ

የሚያስፈልገው፦ ደብተር፣ እስክሪብቶና የአንድ ወር ትዕግሥት።

ለምን መግባት እንደፈለጋችሁ በግልጽ ጻፉ። ሰው ሲጠይቃችሁ የምትመልሱት ይቅር፤ ማታ ተኝታችሁ የሚመላለስባችሁን ጻፉ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ሥራ ነው» አንድ ምክንያት ነው። «አባቴ ፊት ሥራ ፈት ሆኜ መቀመጥ ሰለቸኝ» ሌላ ምክንያት ነው። «እነ እገሌ ተመዝግበዋል» ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው፤ አብሮ የተመዘገበ ጓደኛ ከሥልጠና በኋላ አብሮ የሚመደብበት ዋስትና የለም።

በዚህ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በ2016 ዓ.ም የፒያሳ ዙሪያ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተበትነዋል። ሰፈሩ የተበተነበት ልጅ ቤት ብቻ አይደለም ያጣው፤ የሚውልበት ጥግ፣ ዱቤ የሚሰጠው ሱቅ፣ ሥራ ሲገኝ ስሙን የሚያነሳለት ሰው አብሮ ጠፍቷል። ካምፕ ደግሞ መኝታ፣ ምግብ፣ ጓደኛና የተወሰነ ፕሮግራም አለው። መስህቡ እውነተኛ ስለሆነ አላቃልለውም። ነገር ግን ብቸኝነትን ለማምለጥ የገባችሁበት በር ወደ ጦር ግንባርም የሚያስገባ መሆኑን አትርሱ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» የሚባለው እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ነው።

የጻፋችሁትን አስቀምጡና ከወር በኋላ አንብቡት። ምክንያቱ እዚያው ካለ ቀጥሉ። ከፈተና ውጤት፣ ከፍቅር መለያየት ወይም ከቤተሰብ ጠብ በኋላ በዚያው ሳምንት ሄዶ መመዝገብ በብዛት የሚታይ ስሕተት ነው።

ደረጃ 2፦ ሥራው ምን እንደሆነ እወቁ

የወታደር ሥራ መዋጋትና ለመዋጋት ተዘጋጅቶ መጠበቅ ነው። ሰልፉ፣ ሬንጀሩና ባንዲራው ከሥራው ጥቂቱ ነው። ሹፌር፣ መካኒክ፣ ነርስ፣ የሬዲዮ ባለሙያ ሆኖ ማገልገል ይቻላል፤ ቢሆንም ሁሉም መሠረታዊ ወታደራዊ ሥልጠና ይወስዳል፣ ሁሉም በትእዛዝ ሥር ነው፣ የሚመደብበትን ቦታ የሚመርጥ የለም።

በቅርብ ዓመታት ይህ ሥራ ምን እንደጠየቀ ሳትሸሹ ተመልከቱ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም እስኪቆም ሁለት ዓመት ፈጅቷል። የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ በጦርነቱ ያለቀው ሕዝብ እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረው ነበር፤ ግምት ነው፣ ሲቪሉንም ያካትታል። ያ ጦርነት ከቆመ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2015 ዓ.ም ክረምት፣ ሠራዊቱ በአማራ ክልል ከፋኖ ታጣቂዎች ጋር ውጊያ ገጠመ። በኦሮሚያም ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ ከሚጠራውና መንግሥት «ሸኔ» ከሚለው ቡድን ጋር የሚደረገው ውጊያ ዓመታት አስቆጥሯል።

ስለዚህ ዛሬ የሚመለመል ወጣት ድንበር እጠብቃለሁ ብሎ ብቻ መግባት የለበትም። የብዙ የአራዳ ልጅ አያቶች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወለጋ፣ ከትግራይ ወይም ከጉራጌ የመጡ ናቸው። «የእናቴ ወንድም ባለበት ወረዳ ብመደብስ?» የሚለውን ጥያቄ ለራሳችሁ አሁን ካልመለሳችሁ፣ በኋላ ጊዜም ምርጫም በሌለበት ቦታ ይመጣባችኋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ ተግባሩን ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ እንዲያከናውን ያዝዛል። በተግባር ምን ያህል እንደሆነ ሰው ሁሉ የየራሱ ሐሳብ አለው፤ እናንተም የራሳችሁን ያዙና ግቡ ወይም ተዉ። ሳያስቡበት ከገቡ በኋላ በመሐል ሐሳብ መቀየር ከሁሉም የከፋ ነው።

ይህን ደረጃ ስትጨርሱ ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ሊኖራችሁ ይገባል። ሰው ላይ መተኮስ እችላለሁ? ያላመንኩበትን ትእዛዝ ስቀበል ምን እሆናለሁ? ብቆስል ማን ያስታምመኛል? ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ደረጃ 7 ላይ እንመለስበታለን።

ደረጃ 3፦ ማስታወቂያውን መስመር በመስመር አንብቡ

የሚያስፈልገው፦ የወቅቱ ማስታወቂያ ራሱ። የቴሌግራም ቅጂ አይበቃም፤ አሮጌ ማስታወቂያ እንደ አዲስ ሲዘዋወር ይገኛል።

ለተራ ወታደርነት የሚወጡት ማስታወቂያዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃሉ፦ ኢትዮጵያዊ ዜግነት፣ 18 ዓመት የሞላው ዕድሜ፣ የተወሰነ የትምህርት ደረጃ፣ ቁመትና ክብደት፣ ሙሉ ጤንነት፣ ከወንጀል ነፃ መሆን፣ ያላገባና ያልወለደ መሆን፣ የፖለቲካ ድርጅት አባል አለመሆን፣ ሰባት ዓመት ለማገልገል ፈቃደኝነት። የዕድሜ ጣሪያውና የትምህርት ደረጃው በየዙሩ ስለሚቀያየር የያዛችሁትን ዙር ብቻ እመኑ።

ከዚያ የትኛው በር ለእናንተ እንደሆነ ለዩ። በሮቹ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ተራ ወታደር ነው። ሁለተኛው ዕጩ መኮንን ሲሆን ከፍ ያለ ትምህርት ይጠይቃል፤ መነሻ ማዕረጉም የማደግ ዕድሉም የተለየ ነው። ሦስተኛው የትምህርት በር ነው፦ ቢሾፍቱ ያለው የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስናና የጤና ሳይንስ ኮሌጆች አሉት፤ አየር ኃይሉም እዚያው ከተማ ነው። ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ይዞ የመጀመሪያው ማስታወቂያ እንደወጣ በተራ ወታደርነት መመዝገብ በኋላ የሚያስቆጭ ችኮላ ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው በር ማስታወቂያ የሚወጣበትን ጊዜ ጠይቁ፤ ጥቂት ወር መጠበቅ የሰባት ዓመት ኑሯችሁን ሊለውጠው ይችላል።

መረጃ የሚጠየቀው በወረዳችሁ ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ወይም በክፍለ ከተማው ነው። ምዝገባው ገንዘብ አያስከፍልም። «ጥሩ ቦታ አስመድብሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሌባ ነው።

ዕድሜያችሁ 18 ካልሞላ አትዋሹ፤ የሚዋሽላችሁም ሰው አትፈልጉ። ምልመላ በፈቃድ ነው። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ አካባቢዎች ለሠራዊት ምልመላ በሚል ሰዎች፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ጭምር፣ ያለ ፈቃዳቸው ተይዘው እንደነበር ገልጿል። እንዲህ ያለ ነገር በእናንተ ወይም በጎረቤት ልጅ ላይ ቢደርስ የልደት ምስክር ወረቀቱን ይዞ ለኮሚሽኑ አቤት ማለት ይቻላል። ወላጆች፣ ይህ ወረቀት ቤታችሁ ከሌለ ዛሬውኑ አውጡት።

ስለ ውጭ አገር ጦር የሚወራውንም እዚሁ ላንሳ። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም ቀበናን ተሻግሮ ባለው የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ወጣቶች ወረቀት ይዘው ረጅም ሰልፍ ሠርተው ነበር፤ ለዩክሬን ጦርነት ወታደር ይቀጠራል፣ ብዙ ዶላር ይከፈላል የሚል ወሬ ሰምተው ነው። ኤምባሲው እየመለመልኩ አይደለም አለ። በደላላ በኩል ወደ ሰው ጦርነት መሄድ ማለት ውሉን የማታነቡት፣ ብትሞቱ ሬሳችሁን የሚጠይቅላችሁ የሌለበት ጉዞ ነው። ዲቪ ደርሷችሁ አሜሪካ የምትገቡ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው እዚያ በሕጋዊ መንገድ መቀጠር ይችላል፣ ግዴታውም መደበኛውና ተጠባባቂው ተደምሮ ስምንት ዓመት ነው።

ደረጃ 4፦ ሰባት ዓመቱን በዕድሜያችሁ ላይ ደምሩት

በ19 የገባ በ26 ይወጣል፤ በ24 የገባ በ31። ወረቀት ላይ መስመር አስምሩና በእነዚያ ዓመታት ምን እንደሚሆን ጻፉ፦ ታናሽ እህታችሁ ስንተኛ ክፍል ትደርሳለች? እናታችሁ ስንት ዓመት ይሆናቸዋል? እጮኛ ያላችሁ ትጠብቃለች ወይ? ይጠብቃል ወይ? ለሴቶች ይህ ስሌት ይከብዳል፤ የመውለጃ ዕድሜ አብሮ ስለሚቆጠር። በአገልግሎት ላይ ሳሉ ስለ ጋብቻና ስለ ወሊድ ያለውን ደንብ ከመፈረም በፊት ጠይቁ።

ረጅም ሥልጠና ወይም ትምህርት የሚያገኝ ሰው የአገልግሎት ግዴታው ሊጨምር እንደሚችልም አስቡ። «ያስተምሩኛል» ብላችሁ ስትደሰቱ «ስንት ዓመት ይጨምርብኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን «ካልተመቸኝ እጠፋለሁ» የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ አውጡት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከሠራዊት መኮብለልን በወንጀል ይቀጣል፤ ጊዜው የጦርነት ከሆነ ቅጣቱ እጅግ ይከብዳል። የኮበለለ ሰው የሥራ መልቀቂያ የለውም፣ መታወቂያ ለማደስ ይፈራል፣ ፒያሳ ላይ በቀን መንቀሳቀስ ያሳቅቀዋል። በሕግ የሚታወቀው መውጫ ስንብት ነው፤ ጊዜ ሲያልቅ፣ በጤና ምክንያት በቦርድ፣ ወይም በጡረታ።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡን አስሉ

የሚያስፈልገው፦ ካልኩሌተርና የወቅቱን የሠራዊት ደመወዝ የሚያውቅ በአገልግሎት ላይ ያለ ሰው።

ብዙ ወጣት የሚያወዳድረው ደመወዝን ከደመወዝ ጋር ነው፤ እዚህ ላይ ይሳሳታል። በመስከረም 2018 ዓ.ም በተደረገው ማሻሻያ የሲቪል መንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር፣ በዲግሪ የሚጀምር ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። የሠራዊቱ ደመወዝ በራሱ እርከን የሚሄድ ነው። ወታደር ካምፕ ውስጥ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ ቀለብ፣ ልብስና ሕክምና ይቀርብለታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከ6,000 ብር ላይ ኪራይ፣ ትራንስፖርትና ምሳ ሲቀነስ የሚተርፈውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ማወዳደር ያለባችሁ በወሩ መጨረሻ ባንክ ውስጥ የሚቀረውን ብር ነው። በዚህ ስሌት ውትድርና ከብዙ የፒያሳ ሥራ ሊሻል ይችላል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም።

ግን ሦስት ነገር ቀንሱ። አንደኛ፣ ቤተሰብ «መንግሥት እያበላው ነው» ስለሚል የሚጠይቃችሁ ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ለፈቃድ ስትመጡ የመንገዱ ወጪና «ወታደር ነው፣ ይጋብዘን» ባይ ጓደኛ አለ። ሦስተኛ፣ በእነዚያ ዓመታት ውጭ ሆናችሁ ልትማሩት ትችሉ የነበረው ሙያ አለ፤ ይህ ከሁሉም ይበልጣል።

ጡረታውን ደግሞ በደንብ ተረዱት። በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት ከወታደር ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥት በበኩሉ 25 በመቶ ያዋጣል። ለሲቪል ሠራተኛ የመንግሥት መዋጮ 11 በመቶ ነው። የመዋጮው ልዩነት ሥራው አደገኛና ጡረታ የሚወጣበት ዕድሜም ዝቅ ያለ መሆኑን ያሳያል። ነገር ግን የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ሰባቱን ጨርሶ የሚወጣ ሰው እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ ሁለት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ በሰባተኛው ዓመት ስወጣ በእጄ ምን ይሰጠኛል? በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቀጠር ይህ አገልግሎት እንዴት ይያያዝልኛል?

ወታደር በሥራ ላይ ከሞተ ሚስት ወይም ባል የጡረታ አበሉን ግማሽ፣ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። ለእያንዳንዱ ወላጅ የሚደርሰው ለሚስት ወይም ለባል ከሚሰጠው ያነሰ ነው፤ ኑሯቸው በሟቹ ላይ የተመሠረተ እንደነበር መረጋገጥም አለበት። አብዛኛው ምልምል ያላገባ ስለሆነ እናንተን የሚነካው ይህ የመጨረሻው ነው። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ስሕተት አለ፦ ማስታወቂያው «ያላገባ» ስለሚል ሚስት ወይም ልጅ ደብቆ መግባት። ችግር ሲደርስ ፋይላችሁ ላይ የሌለች ሚስትና የሌለ ልጅ አበል ለማስከበር በየቢሮው ሲንከራተቱ ይኖራሉ። ካገባችሁ ወይም ከወለዳችሁ ይህን በር ተዉት።

ስለ «ሰላም ማስከበር» የሚወራውም ይስተካከል። ቡና ላይ «አንዴ ሱዳን ከወጣህ መኪና ትገዛለህ» የሚል አይጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት በ2018 እንደ አውሮፓውያን ለአንድ ወታደር በወር 1,428 ዶላር ይከፍል ነበር፤ በኋላ ጥቂት ጨምሯል። ክፍያው የሚሄደው ግን ወታደሩን ላሰማራው መንግሥት ነው፤ ለወታደሩ ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወስነው መንግሥቱ ነው። ደግሞም በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር ባለችው አብዬ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የቆየው የኢትዮጵያ ጦር ወጥቷል፤ ዕድሉ እንደ ቀድሞው ሰፊ አይደለም። ስሌታችሁ ውስጥ ሰላም ማስከበርን ዜሮ ብር ብላችሁ አስገቡት። ከመጣ ሎተሪ ደረሳችሁ።

ደረጃ 6፦ አካላችሁን ቀድማችሁ ፈትኑ

በምልመላው ምርመራ ላይ ከመውደቅ በፊት በራሳችሁ ተመርመሩ። ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ ሳንባ፣ እግር። የካቲት 12 ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ጤና ጣቢያም ይበቃል። የሚጥል በሽታ፣ አስም ወይም የቆየ ስብራት ካለባችሁ አትደብቁ፤ ሥልጠና ላይ የሚገለጠው በከፋ ሁኔታ ነው።

ከዚያ ሁለት ወር ልምምድ። ጃን ሜዳ በጠዋት ሩጫ፣ ሰባ ደረጃን ቦርሳ ተሸክሞ መውጣትና መውረድ ከበቂ በላይ ነው። ማሠልጠኛዎቹ ሁርሶ፣ ብርሸለቆ፣ ጦላይ፣ አዋሽ አርባ እንደ አራዳ ደጋ አይደሉም፤ ሙቀቱ የአዲስ አበባን ልጅ ቀድሞ የሚጥለው ነገር ነው። ጫት ወይም ሲጋራ የምታዘወትሩ በእነዚህ ሁለት ወራት አቁሙ። ማቆም ካቃታችሁ፣ ስለ ራሳችሁ አንድ ነገር አወቃችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ የወጡትን ሰዎች አነጋግሩ

ከደረጃዎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ትሠራላችሁ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

መልማዩ የሚነግራችሁ የሥራውን ደግ ገጽ ነው። በፈቃድ የመጣው የሰፈር ወታደርም አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ኪሱ ውስጥ የተጠራቀመ ደመወዝ ይዞ ነው የምታዩት። እውነተኛውን ወሬ የያዙት የተሰናበቱት ናቸው፤ እነሱን ለማግኘት ደግሞ ሩቅ አትሄዱም። ፒያሳ ላይ በየባንኩና በየወርቅ ቤቱ በር የቆሙትን ጥበቃዎች ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁ ከመካከላቸው የቀድሞ ወታደር አታጡም። ይህ ራሱ ትምህርት ነው፦ ብዙ ዓመት መሣሪያ ይዞ ያገለገለ ሰው ሲወጣ ገበያው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ያው መሣሪያ ይዞ በር መጠበቅ ነው። በአንጻሩ መንጃ ፈቃድ፣ የመካኒክነት ወይም የነርስነት ሙያ ይዞ የወጣው ከሲቪሉ እኩል ይወዳደራል። ስለዚህ ጥያቄው «ልግባ ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ገብቼ ምን ሙያ ይዤ እወጣለሁ?» ቢሆን ይሻላል።

ሦስት ዓይነት ሰው ፈልጉ፦ ጊዜውን ጨርሶ የወጣ፣ ቆስሎ በቦርድ የተሰናበተ፣ እና ልጅዋ ሠራዊት ውስጥ ያለ እናት። ሽማግሌ ከሆኑ «ጋሼ»፣ እናትየዋን «እትዬ» ብላችሁ በአክብሮት ቅረቡ። ሻይ ጋብዙ፤ የሻይ ዋጋ ለዚህ ምክር ምንም ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ስለ ውጊያ አትጠይቁ፤ ሰው ያን የሚያወራው ሲፈልግ ነው። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ፦

ሥልጠና እንዳለቀ የት ተመደቡ? ማን መረጠ?
ፈቃድ በስንት ጊዜ ያገኙ ነበር?
የትምህርት ዕድል ጠይቀው ያውቃሉ? ተሰጠዎት ወይ?
ማዕረግ እንዴት ነው የሚያድገው?
ሲወጡ ምን ወረቀት ተሰጠዎት? ወረቀቱስ ሥራ አስቀጠረዎት?

ከቆሰለው ሰው ደግሞ ሕክምናውን ጠይቁ። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ያለው አገልግሎት፣ ከስንብት በኋላ የሚቀጥለው ክትትል፣ ሰው ሠራሽ እግር ወይም መድኃኒት የሚገኝበት መንገድ፣ የቦርዱ ውሳኔ የፈጀው ጊዜ። ደረጃ 2 ላይ «ማን ያስታምመኛል?» ብላችሁ የተዋችሁት ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው፤ ከብዙዎቹ የምትሰሙት «እናቴ» የሚል ሊሆን ይችላል።

እናትየዋን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ስልክ ሳይደወል የቆየበት ረጅሙ ጊዜ ስንት ነበር? ከዚያ ቤት ሄዳችሁ የራሳችሁን እናት ተመልከቱ።

የሦስቱ ሰዎች ወሬ ቢጋጭ አትደንግጡ። አንዱ የመኮንን ሹፌር፣ ሌላው ምሽግ ውስጥ የነበረ ሊሆን ይችላል። የጋራ የሆነውን ብቻ ውሰዱ።

ደረጃ 8፦ ሁለት ሌላ በር ክፍት አድርጉ

አማራጭ የሌለው ሰው አልመረጠም። ቢያንስ ሁለት ቦታ አመልክታችሁ መልስ ጠብቁ። እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ቅርብ ነው፤ ልደታ ደግሞ ተግባረ እድ አለ። የደንብ ልብስ ሥራ የሚስባችሁ ከሆነ ፌዴራል ፖሊስንና የአዲስ አበባ ፖሊስን አስቡ፤ የፖሊስ ዩኒቨርሲቲው ሰንዳፋ ነው። ኤሌክትሪክ ወይም የመኪና ጥገና ከተማራችሁ በኋላ ሠራዊት ብትገቡ እንኳ ባዶ እጃችሁን አትገቡም፤ በሙያችሁ የመመደብ ዕድላችሁ ይሰፋል፣ ስትወጡም ሙያው አብሯችሁ ይወጣል።

ደረጃ 9፦ ወስኑ

ግቡ የምለው ለዚህ ሰው ነው፦ ሥራውን የሚፈልግ፣ አካሉ የጠና፣ ትእዛዝ የማይከብደው፣ የሚመደብበት ቦታና የሚዋጋው ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል አስቦ ለራሱ መልስ ያገኘ፣ የሚያሳድገው ሕፃን የሌለው፣ ይዞት የሚወጣውን ሙያ ከወዲሁ ያለመ። እንዲህ ያለ ሰው በሰባት ዓመት ውስጥ የአስር አለቃነት ማዕረግ፣ ሙያና ቁጠባ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ከቀጠለም እስከ መኮንንነት ይሄዳል።

ተዉ የምለው ደግሞ፦ የተናደደ፣ ከዕዳ ወይም ከክስ የሚሸሽ፣ የቤቱ ብቸኛ ጧሪ የሆነ፣ «ሰላም ማስከበር ወጥቼ እመለሳለሁ» ብሎ ያሰላ፣ ወይም ደረጃ 2 ላይ መልስ ያጣ። በተለይ ይህ የመጨረሻው። ገንዘቡ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ያን ጥያቄ ዘልሎ መግባት ራስን ብቻ ሳይሆን አጠገብ ያለውን ጓድ አደጋ ላይ መጣል ነው።

ደረጃ 10፦ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀታችሁን አስተካክሉ

ወስናችሁ ከሆነ ለዚህ ሁለት ሳምንት ስጡት።

ስማችሁ በልደት ምስክር ወረቀት፣ በትምህርት ማስረጃ፣ በወረዳ መታወቂያና በፋይዳ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። አንዱ «ኃይለማርያም» ሌላው «ሀይለ ማሪያም» ከሆነ አሁኑኑ ይታረም፤ በኋላ ደመወዝ፣ ማዕረግና ጡረታ የሚሄደው በመጀመሪያ ቀን በተጻፈው ስም ነው። ሰነዶቹን በሦስት ኮፒ አባዙ፤ ዋናው ቤት ይቅር፣ ሲጠየቅ ብቻ ይቅረብ።

ለወላጅ ወይም ለታላቅ ወንድም ወይም እህት ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ስጡ። የባንክ ሒሳብ፣ የኮንዶሚኒየም ቁጠባ፣ የእቁብ ድርሻ ካላችሁ በውክልናው ውስጥ በስም ይጠቀስ። ጥቅል ውክልና ለጓደኛ አትስጡ።

የቀበሌ ቤት ውስጥ የምትኖሩ ስማችሁ በቤተሰብ ቅጹ ላይ መኖሩን ወረዳ ሄዳችሁ እዩ፤ የምትሄዱበትን ምክንያት የሚገልጽ ማስረጃም ፋይሉ ውስጥ ይግባ። ቤቱ ቢፈርስ ወይም ወላጅ ቢያልፍ፣ ለዓመታት ያልታየ ልጅ ስም ሊዘለል ይችላል። ከፒያሳ ወደ ገላን ጉራ ወይም ሌላ ቦታ የተዛወራችሁ ደግሞ ፋይላችሁ በድሮው ወረዳ ይሁን በአዲሱ ቀድማችሁ አጣሩ።

በመጨረሻ አንድ ፖስታ አዘጋጁና ለእናታችሁ ወይም ለምታምኑት ሰው ስጡ። ውስጡ የሰነዶቹ ኮፒ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የውክልናው ቅጂና የሁለት ዘመድ ስልክ ይኑርበት። ሥልጠና ጨርሳችሁ ስትመደቡ የመታወቂያ ቁጥራችሁንና የክፍላችሁን ስም በስልክ ነግራችሁ ፖስታው ላይ በእጃቸው እንዲጽፉት አድርጉ። ክፍል በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ደውላችሁ አስጽፉ።